በሽማግሌው እጅ የቀረው እጀታ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ እንኳ ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም፤ ስልክ አለ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ፊደል የሳትኩበት ቦታ ካለ አንባቢ ይለፈኝ። ለመጻፍ የተነሳሁት የቤታችን በር እጀታ ታሪክ በየሰዉ አፍ እየተለወጠ ስላስቸገረኝ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ሆቴላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩት፣ እጀታውን በጉልበታቸው ብዛት የነቀሉት ይመስላል። አክስቴ ስታወራው ደግሞ ሁሉንም አስቀድማ ያቀደችው ይመስላል። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ግን ሰው ፊት ማውራት ስለሚከብደኝ አንዳቸውንም አላረምኩም። ወረቀት ግን አያፈጥጥብኝም።

አክስቴና እኔ የምንኖረው ጁባ ውስጥ፣ "ና ባሪ" በሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በክፍሎቹ መካከል ያለው መጋረጃ ነው። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ወደ ግቢ የሚያስወጣው በር አንድ ብቻ ነው። ኩሽናውና ውሃው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ግቢውን ከአከራያችን ጋር እንጋራለን። አከራያችን የባሪ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ሁሉም ሰው ማማ ነው የሚላት።

የበሩ እጀታ እኔ ከአገር ቤት ስመጣም የላላ ነበር። የውጭውንና የውስጡን እጀታ የሚያገናኝ አራት ማዕዘን ብረት አለ፤ በቁልፉ መሐል ያልፋል። የእኛ ብረት ጠርዙ ከማለቁ የተነሳ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሩን ለመክፈት እጀታውን መጀመሪያ ከፍ ማድረግ፣ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ማውረድ ያስፈልጋል። ቶሎ ብሎ የሳበው ሰው ግን ይዞት ይሄዳል። አክስቴ ማስጠገን ያለባት ማማ ናት ትላለች። ማማ ደግሞ የሚያስጠግነው የሚከፍተው ነው ትላለች። በዚህ ጉዳይ ተኮራርፈው አያውቁም፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰላምታ ይነጋገሩበታል።

አክስቴ ኮሎሎ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እኔ ከኋላ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። ወደ ፊት ወጥቼ እንዳስተናግድ አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ "ምን አለ?" ሲለኝ "ይቅርታ" ብዬው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ተወችኝ።

እዚያ ምሳ ከሚበሉት መካከል ጁባ ወደብ ላይ በጭነት ጀልባዎች የሚጫነውን ዕቃ የሚቆጣጠር የአገሬ ልጅ ነበር። ሌላው ሰው ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ እሱ ግን ራሱ ይዞ በኋላው መስኮት ያቀብለኛል። ፊት ለፊት ካየኝ እንደምደነግጥ ቶሎ ገባው። ስለዚህ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ለመንገዱ የሚያወራ መስሎ ያወራኝ ጀመር። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጫኞቹ፣ ጀልባ ላይ ወጥቶ አልወርድም ስላለ አንድ በሬ። እኔም ለጀርባው እመልስለት ነበር። አንድ ቀን "ሽማግሌ ብልክ ትቆጪያለሽ?" አለኝ። "አልቆጣም" አልኩት። ይህን የሰማ እሱና የሽንኩርቱ ጆንያ ብቻ ናቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሚመጡ ለአክስቴ ተነገራት። ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ልጁን ትፈልጊዋለሽ?" አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

"አንገት መድፋት መልስ አይደለም። እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ አንገቴን ብደፋ 'ዝም ካለች ወዳለች' ብለው ዳሩኝ። መልሴ እኮ ፍርሃት ነበር። አንቺን እንደዚያ አላደርግም። አፍሽን ከፍተሽ 'አዎ' ካላልሽ ሌላ ቀን ኑ እላቸዋለሁ። ለነገሩ የመጀመሪያ ቀን እሺ ማለት ደንብም አይደለም።"

አዎ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ቢላውን አንስቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። አክስቴ ጠብቃ ጠብቃ "እንግዲያው ሌላ ቀን ነው" ብላ ተነሳች። እሱ ደግሞ ሐሙስ ከጭነት ጀልባ ጋር ወደ ማላካል ሊሄድ ነበር። ከማላካል መቼ እንደሚመለስ አለቆቹም አያውቁም። አክስቴ እስከ ፋሲካ ነገሩ ካልለየለት ወደ እናቴ ልትልከኝ አስባ ነበር። ስለዚህ ለእኔ ሌላ ቀን ማለት የለም ማለት ነበር።

እሑድ ጠዋት ቤቱን ስናጸዳ ስለ እጀታው አስታወስኳት።

"ሽማግሌ እጀታ ሊያይ አይመጣም" አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ግድም ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ፣ አክስቴ ጋሼ የምትላቸው፣ ባለ ሆቴል ናቸው። ሁለተኛው ቄስ ናቸው። ሦስተኛው የልጁ የወደብ አለቃ ነው፤ ጋምቤላ ያደገ ኑዌር፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል፣ ቁመቱ በራችንን የሚያልፍ ሰው። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃው በስተጀርባ ተደብቄያለሁ። በደንቡ የምትጠየቀው ልጅ አትታይም፣ አትሰማም። ይህ ደንብ ለእኔ የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

"ቤቶች!" አሉ ጋሼ ከውጭ።

"ይግቡ፣ ክፍት ነው" አለች አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ከዚያ ግርርር የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ በእኛ በኩል ሲሚንቶው ላይ ጧ። የውስጡ እጀታ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"እህቴ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ "እጀታችሁ እጄ ላይ ቀርቷል።"

"ምንም አይደለም ጋሼ፣ መልሰው ይሰኩትና ከፍ፣ ገፋ፣ ከዚያ ዝቅ ያድርጉት።"

ሰኩት፤ ከፍ፣ ገፋ፣ ዝቅ አደረጉት። ብረቱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ያችኑ የቀረችውን ጠርዝም ጋሼ ጨርሰዋት ኖሯል። አክስቴ የሻይ ማንኪያ እጀታ ወደ ቀዳዳው ከትታ ብታዞር ማንኪያው ተጠመዘዘ። ሌላ አመጣች፤ እሱም ተጠመዘዘ።

"በትከሻዬ ልበለው?" አለ ረጅሙ ሰው።

"አንተ ሰው" አሉት ቄሱ፣ "ልጅ ልንጠይቅ መጥተን በር ሰብረን ልንገባ ነው? ይህ ጠለፋ ይባላል።"

ማማ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ሦስት አምረው የለበሱ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ስታይ ሦስት የላስቲክ ወንበር አምጥታ "ገኒ፣ ገኒ" አለቻቸው፤ ተቀመጡ ማለቷ ነው። እነሱ ግን ሽማግሌዎች ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። በእጃቸው ምልክት እምቢ አሉ። ማማ ወንበሮቹን ጠራርጋ እንደገና አቀረበች። እንደገና እምቢ አሉ። በመስኮቱ ጥግ ሳይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወንበሮቿን የናቁባት መስሏታል። ረጅሙ ሰው በጁባ ዓረብኛ አስረዳት፤ ልጅቷን እስኪሰጡን መቀመጥ ክልክል ነው አላት። ማማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ መስኮታችን መጥታ ለአክስቴ ነገረቻት፤ ባጭሩ ስተረጉመው፣ ስጫቸው፣ እነዚህ ሰዎች ግቢዬ ውስጥ ይሞቱብኛል ነው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እህቴ፣ እኛ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለን ነበር የመጣነው። እንኳን መቀመጥ መግባትም አልሆነልን። መቆማችን ካልቀረ ጉዳያችንን ከዚሁ እንናገር?"

"ይናገሩ" አለች አክስቴ፣ የተጠመዘዙትን ማንኪያዎች እንደያዘች።

ጋሼ በተዘጋው በር ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ተናገሩ። ልጃችን ሠራተኛ ነው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን አሉ። አነጋገራቸው ያምር ነበር፤ በሩ በመካከላችን ባይዘጋ ኖሮ ከሐፍረት ግማሹን አልሰማም ነበር፣ ጆሮዬን በጨርቅ ይዤ እሮጥ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች አክስቴ። "እናቷ አገር ቤት ናት፣ ላማክር። ሌላ ቀን ብትመጡ።"

"ሌላ ቀን ስንመጣስ በሩ ይከፈት ይሆን?" አሉ ቄሱ።

ረጅሙ ሰው ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም። እጃቸው ላይ ያለውን እጀታ እያገላበጡ "እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው" አሉ። "ይህን ያህል ዘመን ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ በር እንዲህ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ነገሩ ገድ የለውም ይሆን እላለሁ።"

አክስቴ በገድ ታምናለች። ከቤት ስትወጣ እግሯን ቢመታት ተመልሳ ተቀምጣ ነው የምትወጣው። በመጋረጃው ቀዳዳ ፊቷን አየሁት፤ ቀዝቀዝ ብሏል። ገድ የለውም ከተባለ ሌላ ቀንም አይኖርም።

እዚህ ላይ ከመጋረጃው ወጣሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ እግሬ ነው የወጣው። አክስቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ጎንበስ ብዬ የበሩን ቀዳዳ አየሁ፤ ውስጡ ደህና ነው፣ ያለቀው ብረቱ ብቻ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ የገድ ጉዳይ አይደለም። አዲስ እጀታ ከመጣ ይከፈታል" አልኳት። እሷ ለውጮቹ ተናገረችልኝ።

"ታዲያ ማን ይሂድ?" አሉ ቄሱ። "እኔ በዚህ ካባ ገበያ ወጥቼ የእጀታ ዋጋ ስከራከር ልታይ?"

ጋሼ "ሹፌራችን ይሂድ" አሉ።

"ሹፌራችሁ ማን ነው?" አለች አክስቴ።

ጋሼ እጀታውን ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ በበሩ ቀዳዳ አየሁ።

"ጋሼ?"

"የኔ መኪና ተበላሽታ ነው እህቴ። ሌላ መኪና የሚነዳ አጣን። ልጁ መንገዱ ጫፍ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዳይወርድ አስምለነዋል።"

"ሙሽራውን ሹፌር አድርጋችሁ መጣችሁ?"

"ታዲያ ምን እናድርግ?" አለ ረጅሙ ሰው። "ሦስታችን አንድ ባለ ሦስት እግር ራክሻ ላይ ተደራርበን እንምጣ? የኔ ጉልበት ብቻ ወንበሩን ይሞላዋል።"

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። "ሂዱ፣ ላኩት" አለች።

ልጁ ገበያ ሄዶ ተመለሰ። ያመጣው እጀታ ወርቅማ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጫፉ ላይ አበባ የመሰለ ነገር አለው። ማማ ስታየው ልብሷን ትታ ተነሳች። ልጁ ከእጀታው ጋር የመጣውን አዲስ ብረት ከውጭ ሰክቶ ሲያዞረው በሩ ያለ ምንም ግርግር ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ ወደ መጋረጃው ለመሮጥ ጊዜ አልነበረኝም። ልጁ ደጅ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሽማግሌዎቹ ቤት ውስጥም ቆሙ። አክስቴ ቀና ብላ ልጁን አየችው። "የገዛ ይግጠም" አለች። "በሩን እንዲህ ትተኸው ልትሄድ ነው?"

"እገጥማለሁ" አለ።

ካቻቢቴ ከመኪናው አመጣ። አዲሱ እጀታ ከድሮው ስለሚሰፋ የብሎኖቹ ቀዳዳ አልገጠመም። አዲስ ቀዳዳ በሚስማር መብሳት ነበረበት፤ መዶሻ ስላልነበረ የሙቀጫችን ዘነዘና ተሰጠው። ሲመታ ቄሱ በእያንዳንዱ ምት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ደግሞ ብሎኑ ከውጭ ገብቶ የሚይዘው የውስጡን እጀታ ነው፤ አንድ ሰው ከውስጥ ካልያዘለት አይጠብቅም። ጋሼ ለመያዝ እጃቸውን ሰደዱ።

"እርስዎ ተዉ" አለች አክስቴ፣ "የድሮውን ያደረጉት ይበቃል። አንቺ ያዢለት።"

ያዝኩ። በሩ በመካከላችን ቆሟል፤ እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ። አላየውም፣ አያየኝም። ልክ እንደ ምግብ ቤቱ መስኮት ነበር።

"ይዘሽዋል?" አለ።

"ይዤዋለሁ" አልኩ።

ብሎኑ ሲገባ ጫፉ መዳፌን ነካ። ሁለተኛውን ሲጀምር የያዝኩትን ልብ ብዬ አየሁት፤ እጀታው ወደ መቃኑ ዞሯል።

"ቆይ" አልኩ። "ገልብጠኸዋል።"

"አልገለበጥኩም።"

"ገልብጠኸዋል እላለሁ። በእኔ በኩል አበባው ወደ ግድግዳው ነው የሚያየው። አውጣውና አዙረው።"

ብሎኑን አወጣ። እጁ በላብ ርሶ ስለነበር ወደቀበት፤ ሲፈልግ ሰማሁት።

"ወደ ግራ ነው የተንከባለለው፣ እግርህ ስር እየው" አልኩት።

"አገኘሁት።"

"አሁን ቀስ ብለህ። አትግፋው፤ አዙረው እንጂ።"

ቀና ያልኩት ያኔ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎችና አክስቴ ቆመው እኔን ያያሉ። ማማም በመስኮቱ ፍርግርግ ታያለች። ፊቴ እንደ በርበሬ ሆነ፤ እጀታውን ግን አልለቀኩም፣ ብለቀው ብሎኑ ይስታል።

"ገና ሳይሰጡት ታዘዋለች" አለ ረጅሙ ሰው ለቄሱ። "በእኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለች ልጅ የጥሎሹ ከብት ይጨመራል።"

ልጁ ጨረሰ። አክስቴ በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። ማማም ከውጭ ሞከረችው፤ "ኩዋይስ"፣ ጥሩ ነው፣ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጁ ወደ መኪናው ሊመለስ ዞረ፤ ጋሼም ኮፍያቸውን አነሱ።

"እንግዲህ እህቴ" አሉ፣ "በሩስ ተከፍቷል። መልሱን ንገሩን።"

አክስቴ አሻግራ አየችኝ። ቅዳሜ እንዳየችኝ ነበር ያየችኝ፤ እየጠበቀች። ከዚያ "ጋሼ፣ ያልኩት ነው" አለች። "ሌላ ቀን..."

"ዛሬ ይሁን" አልኩ።

ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም። እጄ አሁንም እጀታው ላይ ነበር፤ ያልኩትም ለበሩ ጣውላ ይመስለኛል። ግን ሁሉም ሰሙ። ደጅ ላይ የልጁ እርምጃ ቆመ።

"ምን አልሽ?" አለች አክስቴ። ሰምታኛለች፤ እንድደግመው ፈልጋ ነው።

እጀታውን ጨብጬ ቶሎ አልኩት። "አዎ አልኩ። እፈልገዋለሁ እትዬ። ሌላ ቀን አይበሏቸው። ሐሙስ ይሄዳል።"

ቄሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ እግራቸው አላውቅም። ረጅሙ ሰው በሩን ሲያልፍ መቃኑ ግንባሩን መታው፤ ወደ ልጁ ለመሮጥ ቸኩሎ ነው። ጋሼ የድሮውን እጀታ ከኪሳቸው አውጥተው "ይህንን እኔ እወስደዋለሁ፤ ዛሬ የደከምኩበት ነው" አሉ። አክስቴ እምቢ ማለት ቢያምራትም አላለችም። አሁን ሆቴላቸው ባንኮኒ ላይ አስቀምጠውት ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ።

አክስቴ የማማን ወንበሮች ከግቢ አስገብታ ሽማግሌዎቹን "ቁጭ በሉ" አለቻቸው፤ ተቀመጡ። ማማ ወንበሮቿ ላይ ተቀምጠው ስታይ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ አክስቴ ወደ እኔ መጣች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን እየሳቀ ነበር። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ለእናትሽ አንቺው ደውለሽ ንገሪያት" አለችኝ፤ "እኔ አልነግርልሽም።"